ዕረፍትና ተረካቢ፦ የጅማ ነዋሪዎች የተከራከሩበት የውይይት ክር

ክሩን፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሰዎች በተራ መልስ የጻፉበትን ውይይት፣ የከፈተችው በጅማ ከተማ በአንድ የግል ንግድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት የምታገለግል የሁለት ልጆች እናት ናት። ጥያቄዋ አጭር ቢሆንም፣ ከጥያቄው በፊት ያሰፈረችው የኑሮዋ ዝርዝር ረጅም ነበር። እናቷ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ ኢንሱሊኑን በመርፌ ራሳቸው መቅዳት አይችሉም፤ ስለዚህ ጧትና ማታ የምትወጋቸው እርሷ ናት። ባለቤቷ በአጋሮ በኩል በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለሚሠራ፣ እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ወራት ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ጀምራው የነበረውን የማታ ትምህርት አቋርጣለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ከምሽቱ 5 ሰዓት እንደምትተኛ፣ ወዳጆቿም ሐኪሟም ራሷን እንድትጠብቅ እንደሚመክሯት፣ ነገር ግን ራሷን በምትጠብቅበት ሰዓት እናቷን ማን እንደሚጠብቅላት የነገራት ሰው እንደሌለ ከገለጸች በኋላ፣ ኃላፊነቱን ሳይጥል ለራሱ ጊዜ ማግኘት የቻለ ሰው ካለ መንገዱን እንዲነግራት ጠየቀች። በመጨረሻም፣ ለራሱ ጊዜ አለው የሚባል ሰው ሁሉ ሥራውን በጓዳ የሚሠራለት ሌላ ሰው እንዳለው እንደምታምን አከለችበት። ክሩን ያሞቀው ከጥያቄው ይልቅ ይህ ጭማሪ ነው።

እዚህ የምተርከው መልሶቹን በተሰጣቸው ቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ማበረታቻ ብቻ የያዙትን አልፌያቸዋለሁ፤ ብዙ ናቸው፣ ጸሐፊዎቻቸውም ቅን ሰዎች እንደሆኑ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ለጠያቂዋ የሰጧት አንዳች ነገር አላየሁም።

1ኛው መልስ ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የመጣ ነበር። ቤተሰቡ ከመነሣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ተነሥታ ያንን ጊዜ ለጸሎትና ለጸጥታ እንደምታውለው፣ ቀኑን ሙሉ ሰውን በትዕግሥት ለማስተናገድ የምትችለውም በዚያ ምክንያት እንደሆነ በትሕትና አስረዳች። 2ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ ጠያቂዋን ልጄ ብለው ጠርተው በእግር መሄድን መከሯት። በጎልማሳነታቸው ከጅማው መርካቶ ተነሥተው የጅሬንን ዳገት ዘወትር ይወጡ እንደ ነበር፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከቆመበት ከፍታ ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ማየት ብቻውን የአእምሮን ሸክም እንደሚያቀል ጻፉ። ምክራቸው ደግ ነው፤ ግን ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው ምክር መሆኑ ያስታውቃል።

የጤና ባለሙያ መሆኑን የገለጸ ወጣት በ3ኛው መልስ ሁለቱንም በአክብሮት አረመ። ጠያቂዋ የሰጠችውን ሰዓት ቆጥሮ፣ የምትተኛው 6 ሰዓት ብቻ መሆኑን፣ ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመከረው ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት መሆኑን ካመለከተ በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሣት ለእርሷ ከጎደለው ላይ መቀነስ እንደሚሆንባት ገለጸ። በእግር መሄድን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ይህ በአንድ ጊዜ መሆን እንደማያስፈልገው፣ በቀድሞው መመሪያ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለው ሐሳብም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ እንደ ቀረ አብራራ። ስለዚህ ባጃጅ ከመያዝ ይልቅ የመንገዱን ከፊል በፍጥነት መራመድ፣ ገበያ ሄዶ ዕቃ ተሸክሞ መመለስም ጭምር፣ ከቁጥር እንደሚገባ ጻፈ። በዚህ ክር ውስጥ የጠያቂዋን ቀን እንደ ተሰጠ ተቀብሎ ከዚያ የተነሣው የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

4ኛው መልስ የእንቅልፍን ነገር ይዞ ወደ ቡና ሄደ። ጸሐፊዋ ካፌይን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል እንደሚወስድበት አስታውሳ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ከጠጪው ጋር እንዳለ አሰላች፤ የጅማ ሰው እንቅልፍ አጣሁ ከማለቱ በፊት የማታውን ቡና ቢተው እንደሚሻለውም ደመደመች። ጅማ ላይ እንዲህ ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በ5ኛውና በ6ኛው መልስ የተሰነዘረባት ቁጣ ከጉዳዩ ክብደት በላይ ነበር፤ አንደኛው ቡና በበቀለበት ምድር ቡናን መክሰስ ነውር መሆኑን ሲናገር፣ ሌላኛዋ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ጎረቤት የሚጠያየቅበት፣ የተከፋ ሰው ሳይጠየቅ የሚናገርበት ብቸኛ ጊዜ በመሆኑ ከእንቅልፍ ክኒን ይልቅ እንደሚያድን ተከራከረች። የኋለኛዋ ነገር እውነት አለው። ሆኖም 4ኛዋ ጸሐፊ ተመልሳ፣ ተቃውሞዋ ለሰዓቱ እንጂ ለቡናው እንዳልሆነ፣ ያው ጀበና ከምሳ በኋላ ቢጣድ ጎረቤቱም እንቅልፉም እንደሚገኙ ስትጽፍ መልስ የሰጣት የለም።

7ኛው መልስ ክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። ጸሐፊው ወንዶች የራሳቸውን ጊዜ የሚያገኙት በበርጫ ላይ መሆኑን፣ ከምሳ በኋላ ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠው መቃማቸው ከጭንቀት እንደሚያሳርፋቸው፣ ሴቶችም የራሳቸውን መሰብሰቢያ ቢያበጁ እንደሚጠቀሙ ጻፈ። በ8ኛው መልስ የጤና ባለሙያው ወጣት ምርቃናው ካለፈ በኋላ ስለሚመጣው ድባቴና ዱካክ፣ እንቅልፍ እንቢ ሲል ለመስበር ተብሎ ስለሚጠጣው ጨብሲ፣ በማግስቱም ስለሚጎድለው የሥራ ሰዓት ካነሣ በኋላ፣ ጫት ዕረፍት የሚመስለው ድካምን ስለሚደብቅ እንጂ ስለሚያስወግድ እንዳልሆነ አስረዳ። 9ኛዋ ጸሐፊ ግን ከሕክምናው ይልቅ ሒሳቡን መረጠች። ባሏ በሚቅምበት ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን የምታስተናግደው፣ ውኃውንና ለውዙን የምታቀርበው፣ ገረባውን የምትጠርገው እርሷ እንደሆነች ጽፋ፣ የጠያቂዋ ጭማሪ በእርሷ ቤት በየቀኑ የሚረጋገጥ መሆኑን መሰከረች።

ጨዋነቱ የተሟጠጠው በ10ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ችግሩ የጊዜ አጠቃቀም ጉድለት መሆኑን፣ አያቱ ስምንት ልጆች ወልደው፣ ወፍጮ ፈጭተው፣ ውኃ ቀድተው አንድም ቀን ደከመኝ እንዳላሉ፣ የዛሬ ሴት ግን ስልኳን ብትዘጋ የምትፈልገውን ጊዜ እንደምታገኝ ጻፈ። በ11ኛው መልስ አንዲት ሴት አያቱ ደከመኝ አለማለታቸውን ያወቀው ጠይቋቸው እንደሆነ ወይስ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቀችው። 12ኛው መልስ የጡረተኛው መምህር ነበር፤ ሁለቱን ለማስታረቅ የተነሡ ይመስላል፣ ነገር ግን ከማስታረቅ የበለጠ ነገር ተናገሩ። እርሳቸው ባደጉበት ሰፈር አንዲት እናት ስትታመም ልጆቿ በየትኛው ቤት እንደበሉ የሚቆጥር እንዳልነበረ፣ የወንድም ሚስት፣ ያላገባች እህት፣ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ በአንድ ግቢ ይኖሩ እንደነበር አስታውሰው፣ የ10ኛው ጸሐፊ አያት ጥንካሬ እውነት ቢሆንም ብቻቸውን እንዳልነበሩ አስገነዘቡት። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ወይም በኪራይ ቤት የምትኖር ሴት የአያቷን ሥራ ያለ አያቷ ጎረቤቶች እንድትሠራ ይጠበቅባታል ማለታቸው ነው።

መምህሩ በዚያው ጽሑፋቸው ልጆች ሆነው በአዌቱ ወንዝ ይዋኙ እንደነበር ጣል በማድረጋቸው፣ 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው መልስ ወንዙን ተከትለው ሄዱ፤ የቆሻሻው ነገር፣ የኮሪደር ልማቱ የወንዙን ዳርቻ ለእግረኛ ምን ያህል እንዳመቻቸው፣ ከመሸ በኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትሄድበት ትችል እንደሆነ ተከራከሩበት። ከጉዳዩ ጋር የሚያገናኘው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነበር፤ እርሱንም ማንም አልጨረሰውም።

16ኛው መልስ የመጣው ከቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የጠያቂዋ ባል አለመሆኑን አስቀድሞ ተናግሮ፣ በጣቢያው ያለውን ሥራ ለማያውቁት ዘረዘረ። ቀኑን ሲለቀም የዋለው እሸት ቡና የሚደርሰው ወደ ማታ ነው፤ ካደረ ጣዕሙ ስለሚበላሽ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት፤ ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሁኔታ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይብላላል፤ ከዚያም ታጥቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ ዝናብ በመጣ ቁጥር መሸፈን፣ ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ፣ በየጊዜው ማገላበጥ ያስፈልጋል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ እንቅልፍ የሚባለው ነገር በጆንያ ላይ የሚገኝ ሸለብታ መሆኑን፣ ወንድ ሁሉ በበርጫ ላይ ያለ እየመሰላቸው የሚጽፉት ሰዎች እንዳሳዘኑት ገለጸ። ጽሑፉ ሐቀኛ ነበር፤ 17ኛዋ ጸሐፊም ይህን ካመነችለት በኋላ፣ ከጥር እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት መርፌውን የሚወጋው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። እርሱም በ18ኛው መልስ፣ በእነዚያ ወራት ቤት እንደሚውል፣ ሆኖም በራሱ ቤት ይህን የመሰለ ነገር ተጠይቆ እንደማያውቅ ጻፈ። ጥያቄው ግን ተጠየቀ ወይ የሚለው አልነበረም።

በ19ኛው መልስ ላይ ክሩ የሚያም ቦታ ነካ። ጸሐፊዋ እስካሁን ዕረፍት አገኘሁ ካሉት ሴቶች መካከል ስንቶቹ የቤት ሠራተኛ እንዳላቸው እንዲናገሩ ጠይቃ፣ ከገጠር የመጣች የ15 ዓመት ልጅ ከእመቤቷ በፊት ተነሥታ ከእመቤቷ በኋላ በምትተኛበት ቤት ስለ ራስ እንክብካቤ መጻፍ እንደሚያሳፍር ተናገረች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ሲወስንና በሳምንት አንድ ጊዜ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሲሰጥ፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ በመተዉ ልጅቷ የሁሉም ዕረፍት የሚጫንባት እንደሆነች ጨመረች። በርካቶች ተቆጡ። 20ኛዋ ሠራተኛዋን እንደ ልጇ እንደምትይዛት፣ የማታ ትምህርትም እንደምታስተምራት ጻፈች፤ 21ኛው ደግሞ ጸሐፊዋ ጠያቂዋን ለመርዳት ሳይሆን ሰው ለመክሰስ እንደመጣች ነገራት። የክሩ ባለቤት እዚህ ላይ ገብታ፣ እርሷ ቀድሞ ሠራተኛ እንደነበራት፣ ልጅቷ ወደ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ሌላ ለመቅጠር እንዳልቻለች፣ ሆኖም 19ኛዋ ጸሐፊ የተናገረችው ሌላ ሳይሆን እርሷ በመነሻው የጻፈችው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሲሄድ የሚደርስበት ቦታ መሆኑን አመነች። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ሸክሙን ወደማትናገረው ሰው ማሸጋገር ለአንዱ ዕረፍት ቢሆንም ለቤቱ መፍትሔ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት መልሶች ሕግን ያዙ። 22ኛው ጸሐፊ ጠያቂዋ የዓመት ፈቃዷን እንድትወስድ መክሮ፣ መጠኑ 14 የሥራ ቀን መሆኑን ጻፈ። 23ኛው ግን 14 የሥራ ቀን የቀድሞው የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 ድንጋጌ መሆኑን፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን እንደሚሰጥና ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እንደሚጨመር አርሞ፣ ሠራተኛው ፈቃዱን እንዲተው የሚያደርግ ስምምነትም ዋጋ እንደሌለው አስታወቀ። ጠያቂዋ የዓመት ፈቃዷን እናቷን ወደ ሐኪም ቤት ለማመላለስ እንደምትጨርሰው በመግለጽዋ፣ ይኸው ጸሐፊ በ24ኛው መልስ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝን ነገር ጻፈ። ሕጉ ወላጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ወላጅ ታሞ በአልጋ ላይ ሳለ ግን ለዚሁ ተብሎ የተሰጠ ከደመወዝ ጋር የሆነ ፈቃድ የለም፤ ያለው በልዩና አሳሳቢ ምክንያት እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሰጠው ሲሆን፣ እርሱም በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።

ይህ ሐሳብ እድርን ጠራ። 25ኛዋ ጸሐፊ ሕጉ ብቻ ሳይሆን እድራችንም እንዲሁ መሆኑን አስተዋለች። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው ለቀናት እጁን ወደ ምድጃ አይዘረጋም። አራስ ቤትም ገንፎ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ባለበት ቤት መጀመሪያ ሰሞን የሚጠይቅ ይበዛል፣ ከወራት በኋላ ግን አስታማሚዋ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ እድሮች ከቀብር በፊት ላለው ጊዜም አባላትን በተራ የሚመድቡበት ሥርዓት እንዲያወጡ ሐሳብ አቀረበች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል የሆነበትን የአንድ እድር ሰብሳቢ መሆናቸውን የገለጹት ሰው በ26ኛው መልስ ሐሳቡን ቢያደንቁም፣ መተዳደሪያ ደንባቸው ገንዘቡን ለቀብርና ለሐዘንተኛ ብቻ የሚፈቅድ መሆኑን፣ ሕመም ማለቂያው ስለማይታወቅ የእድሩን ካዝና ባዶ እንደሚያስቀረው በጥብቅ ተናገሩ። 27ኛዋ መልስ ሰጪ፣ ቀድሞ በማኅበራዊ ሥራ ትሠራ የነበረች፣ የኤችአይቪ ወረርሽኝ በበረታበት ዘመን በብዙ ከተሞች እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በየቤቱ የተኙትን በሽተኞች ማስታመም እንደጀመሩ አስታወሰቻቸው፤ የተጠየቀውም ገንዘብ ሳይሆን ሰዓት መሆኑን አጥብቃ ነገረቻቸው። ሰብሳቢው ነገሩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ለማንሣት ተስፋ ሰጡ። ተስፋቸውን ወረቀት ላይ እስካይ ድረስ ብዙ አልቆጥርበትም።

በመካከል 28ኛው መልስ የቤት ገበና በአደባባይ መዘርዘሩን አወገዘ፤ የታመሙት እናት ይህን ቢያነቡ ሸክም መሆናቸው ተሰምቷቸው እንደሚያዝኑ፣ ወላጅን መጦር በረከት እንጂ አቤቱታ የሚቀርብበት እንዳልሆነ ጻፈ። ከነቀፋው ሁሉ ጠያቂዋን የጎዳት ይህ እንደሆነ ከመልሷ ያስታውቃል። እርሷም እናቷን መውደዷ ለክርክር የሚቀርብ እንዳልሆነ፣ ደክሟት በአንድ ምሽት መጠኑን አሳስታ ልትወጋቸው ስትል ራሷን እንደያዘች፣ የጻፈችውም ከዚያ ሌሊት በኋላ መሆኑን ገለጸች። ይህን ስታስቀድመው ኖሮ ክሩ ወደ ቡናና ወደ ወንዝ ባልሄደ ነበር።

29ኛዋ ጸሐፊ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት በሽታ ብሎ የመዘገበው የሥራ መዛል መሆኑን ስትናገር፣ የጤና ባለሙያው በ30ኛው መልስ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ብሎ እንዳልመደበው አረማት። መገለጫዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ሠርቶ ውጤት የማያገኙ መስሎ መታየት ናቸው። ጠያቂዋ ልትጠነቀቅ የሚገባት ከዚህ ይልቅ ለድብርት መሆኑን አስረድቶ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚቆይ መከፋት ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ለነበረ ነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ መታየት እንዳለበት፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ፣ ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ሳያድሩ በዚያው ዕለት መሄድ እንደሚገባ ጻፈ። ይህን ለመጻፍ የተጠቀመባቸው ቃላት ቀላልና የማያስፈራሩ ነበሩ።

በ31ኛው መልስ ኮጪ አካባቢ የምትኖር ሴት፣ እርሷና ሁለት ጎረቤቶቿ የታመሙ ወላጆቻቸውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተራ እንደሚጠብቁ አካፈለች። ሦስት ቤት በመሆናቸው ለእያንዳንዳቸው ከሦስት ቅዳሜ ሁለቱ ነፃ ይወጣሉ፤ በነፃው ቀን ምን ተሠራበት ብሎ መጠየቅ በመካከላቸው ክልክል ነው። ሦስተኛዋ ጎረቤት ሁልጊዜ እንደምትተኛ፣ ያም የእርሷ ጉዳይ እንደሆነ ጻፈች። 32ኛው መልስ የታመመች ሴት በጎረቤት እጅ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው ማን እንደሚሆን አነሣ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የጤና ባለሙያው በ33ኛው መልስ፣ ኢንሱሊኑ ጧትና ማታ የሚወጋ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የሚጠብቀው ሰው መርፌ መንካት እንደማያስፈልገው፣ ማወቅ ያለበት ምሳ በሰዓቱ መበላቱንና የስኳር መውረድ ምልክቶችን መሆኑን አስረዳ፤ እነርሱም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ የንግግር መዘበራረቅ ናቸው። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ከታየ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ማየት፣ ራሷን ለሳተች ሴት ግን በአፏ ምንም ሳይሰጡ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ይህን በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የጎረቤቱን ፍርሃት እንደሚቀንስ ጨመረ።

34ኛው መልስ ከ11ኛዋ ጸሐፊ ነበር፤ እንደ ቀድሞው አጭር ነው። በዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የጠያቂዋ እናት ሌላ ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው ያልተነሣው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ጠያቂዋም አንድ ታላቅ ወንድም እንዳላት፣ የሚኖረውም እዚያው ጅማ፣ መንደራ አካባቢ እንደሆነ፣ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞ እናቱን እንደሚጠይቅ፣ መርፌ ይወጋል ብላ ግን እርሷም እናቷም አስበው እንደማያውቁ መለሰች። በዚህ ላይ ጥቂት መልሶች ተሳለቁ፤ አንዳንዶቹ በብርቱካኑ፣ ሌሎቹ በወንድሙ። ጡረተኛው መምህር ግን በ37ኛው መልስ ሳቁን አስቁመው፣ የጤና ባለሙያው ወጣት መርፌ ይዞ ለማያውቅ ወንድ የሚገባ የአወጋግ መመሪያ በጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ለመኑት። ወጣቱ በ38ኛው መልስ እምቢ አለ። ኢንሱሊን መቅዳት ከጽሑፍ የሚማሩት እንዳልሆነ፣ የአንድ መስመር ስሕተት ሰው እንደሚጎዳ ገልጾ፣ ወንድምየው እናቱ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሯቸው ሲሄዱ አብሯቸው እንዲሄድ፣ ነርሷ ፊት ራሱ እንዲቀዳና እንዲወጋ፣ እስኪያስተካክል ድረስም ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲመለስ አሳሰበ። ጠያቂዋ የቀጠሮው ቀን ማክሰኞ መሆኑን፣ ወንድሟ ማክሰኞ ሥራ አለብኝ እንዳለ፣ እርሷም ራሷ ማክሰኞ ሥራ እንዳለባት እንደነገረችው ጻፈች።